የሰርፊንግ ቱሪዝም ጥናትን እድገት እንዴት መከታተል፣ ስልቱንስ እንዴት ወደ ሰሜን ሸዋ ማምጣት ይቻላል?

በሰሜን ሸዋ ስለ ቱሪዝም የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው በክለሳ ድርሳናት ምዕራፉ ነው። ስለ መንዝ ጓሳ፣ ስለ አንኮበር ወይም ስለ ጣርማ በር የተጻፈው ጥቂትና የተበታተነ ነው፤ በአጠቃላይ ስለ ቱሪዝም የተጻፈው ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ ተነቦ አያልቅም። በዚህ መካከል የተያዘ ተማሪ ከየመጽሐፉ ትርጓሜ እየለቀመ ይደረድርና ምዕራፉን ይዘጋል። ከክለሳ የሚጠበቀው ግን መስኩ ከየት እንደ ተነሣ፣ ምን ምን እየጠየቀ እንዳደገ፣ ምኑን ሳይጠይቅ እንዳለፈ አጥርቶ ማሳየት ነው። ይህ ክህሎት ደግሞ የሚገኘው በልምምድ ነው።

ለልምምዱ ትንሽ፣ ወጣትና መነሻው የሚታወቅ የጥናት መስክ መምረጥ ይገባል፤ እኔ የምመክረው የሰርፊንግ ቱሪዝምን፣ ማለትም በባሕር ሞገድ ላይ በሰሌዳ ቆሞ ለመንሸራተት ሲባል ከአገር አገር የሚደረገውን ጉዞ የሚያጠናውን መስክ ነው። ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ ሞገድ ማንበብ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን መስኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመነሻው እስከ ዛሬ ሊነበብ የሚችል ነው። ከዚያ የሚበልጠው ምክንያት ደግሞ ጥያቄዎቹ የእኛው ጥያቄዎች መሆናቸው ነው፦ አጥር የሌለውን የተፈጥሮ ሀብት ማን ይጠቀምበት? ስንት እንግዳ ሊሸከም ይችላል? እንግዳው የሚያወጣው ገንዘብ በማን እጅ ይቀራል? ሞገዱን በጓሳው ሣርና በጭላዳው ቢተኩት ጥያቄው አይለወጥም።

ከሌሎች ክለሳ መጀመር

አንድን መስክ ከዜሮ መቁጠር ከመጀመርዎ በፊት ቀድሞ የቆጠረ ሰው እንዳለ ይፈልጉ። በሰርፊንግ ቱሪዝም ረገድ ይህን ሥራ በታይላንድ ፕሪንስ ኦፍ ሶንግክላ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስቲቨን ማርቲንና ኢሊያን አሰኖቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2011 ድረስ የወጡ 156 ሥራዎችን ሰብስበው በየዓይነታቸው ከፍለዋል፤ በጉልህ ከታዩት ርእሶች መካከልም የሰርፊንግ ውድድሮች፣ ሞገድ እንዲፈጥሩ ከባሕር ሥር በሰው እጅ የሚሠሩ ሰው ሠራሽ ክምሮች (ሪፎች)ና የአስተናጋጁ ማኅበረሰብ ዘላቂ ጥቅም ይገኙበታል።

እንዲህ ያለውን ክለሳ ሲያነቡ ከውጤቱ አስቀድመው የአሠራር ዘዴውን ክፍል ይመልከቱ። ጸሐፊዎቹ የት ፈለጉ? በየትኛው ቋንቋ? የመመረቂያ ጽሑፎችንና የድርጅት ሪፖርቶችን አካተቱ ወይስ በባለሙያ በተገመገሙ መጽሔቶች ብቻ ተወሰኑ? ወጣት መስክ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበቅለው በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያና በሪፖርት ውስጥ ነው፤ መጽሔት ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ መጽሔት ብቻ የቆጠረ ሰው የመስኩን ልደት ከእውነተኛው ዘመን አዘግይቶ ያስቀምጠዋል። ይህን ነጥብ ልብ ይበሉት፤ በኋላ ስለ ሰሜን ሸዋ ሲፈልጉ ያስፈልግዎታል።

ጽሑፎቹን ለማግኘት ገንዘብ የግድ አያስፈልግም። ጉግል ስኮላር ላይ ርእሱን ከጻፉ በኋላ በቀኝ በኩል ነጻ ቅጂ ካለ ያሳያል። ለታዳጊ አገሮች የምርምር መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ ለኢትዮጵያ ተቋማትም ክፍት ነው፤ የዩኒቨርሲቲዎን ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የመግቢያውን ቃል ይጠይቁ። ይህም ካልሆነ ለጸሐፊው በአጭርና በአክብሮት ኢሜይል መጻፍ ነው፤ አብዛኞቹ ጽሑፋቸውን የሚያነብ ሰው በማግኘታቸው ደስ ይላቸዋል።

ሠንጠረዡ

የሥራው ሁሉ መሠረት በኤክሴል ወይም በደብተር ላይ የሚሠራ ሠንጠረዥ ነው። ዓምዶቹ የጸሐፊው ስም፣ ዓመት፣ የጥናቱ ቦታ፣ የጽሑፉ ዓይነት፣ ዋናው ጥያቄ፣ የአሠራር ዘዴው፣ መረጃ የሰጡት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑና ዋናው ግኝት ይሁኑ። ብዙ ተማሪዎች ግኝቱን ጽፈው ሌላውን ይተዉታል፤ ሆኖም የመስኩን እድገት የሚያሳዩት «ዋናው ጥያቄ» እና «እነማን ተጠየቁ» የሚሉት ሁለት ዓምዶች ናቸው።

አንዱን ረድፍ በከፊል አብረን እንሙላ፤ የዘዴውንና የተጠያቂዎቹን ዓምድ ጽሑፉን አንብበው ራስዎ ይሙሉ። ጸሐፊ፦ ራልፍ በክሊ። ዓመት፦ እ.ኤ.አ. 2002። ቦታ፦ የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች። ዓይነት፦ በዘላቂ ቱሪዝም ላይ በሚያተኩር መጽሔት በሁለት ክፍል የወጣ ጽሑፍ። ጥያቄ፦ ለሰርፊንግ የሚመጣው እንግዳ እየበዛ ሲሄድ ትንንሽ ደሴቶች እንዴት ይሸከሙታል? ግኝት፦ ሞገድ እንደ ሌላው የተፈጥሮ ሀብት የመሸከም አቅሙ ውስን ነው፤ በትንንሽ የኮራል ደሴቶች ላይ የቱሪዝሙ መስፋፋት የነዋሪውን የመጠጥ ውኃና ለዕለት ጉርስ የሚጠመደውን ዓሣ ለአደጋ ያጋልጣል። ይህን የሚያህል አጭር ረድፍ ለመሙላት ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ይሆናል፤ ያ ነው ጥቅሙ። ከአጠቃሎው ብቻ የተገለበጠ ረድፍ ከጊዜ በኋላ ራሱ ጸሐፊውን ያሳስተዋል።

ከዚህ በኋላ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጓዙ። ወደ ኋላ ሲሄዱ በክሊ የጠቀሳቸውን ያያሉ፤ ወደ ፊት ሲሄዱ ደግሞ ጉግል ስኮላር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር በሚያሳየው የጠቃሾች ዝርዝር በክሊን የጠቀሱትን ያገኛሉ። ተመሳሳይ ስሞች ደጋግመው መምጣት ሲጀምሩና አዲስ ስም ሲጠፋ የመስኩ ዳር ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።

ቁጥር እንዴት ይነበባል?

በሠንጠረዡ ላይ ጽሑፎቹን በየዓመቱ ሲቆጥሩ ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ሲያድግ ያያሉ። እዚህ ላይ ቸኩሎ «መስኩ በከፍተኛ ፍጥነት አድጓል» ብሎ መጻፍ ተገቢ አይደለም። በዚያው ዘመን የቱሪዝም መጽሔቶችም፣ የቱሪዝም ትምህርት ክፍሎችም፣ በአጠቃላይ በዓለም ላይ የሚታተመው ጥናትም ብዙ እጥፍ ጨምሯል። ስለዚህ የሰርፊንግ ቱሪዝሙን ቁጥር ከሌላ ቅርብ መስክ፣ ለምሳሌ ከተራራ መውጣት ቱሪዝም ጥናት ቁጥር ጎን አስቀምጠው ያወዳድሩ። ከጎረቤቱ ፈጥኖ ካደገ ያን ጊዜ የራሱ የሆነ ምክንያት ይፈለግለታል።

ምክንያቶቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀቱ ውጭ ያሉ ናቸው። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የሰርፊንግ ሳይንስን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ፤ ተማሪ ሲኖር የመመረቂያ ጽሑፍ ይኖራል። በዚያው አገር ቦስኮምብ በተባለ የባሕር ዳርቻ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የፈሰሰበት ሰው ሠራሽ ሪፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፍቶ በ2011 በደረሰበት ጉዳት ተዘጋ፤ ይህን የመሰለ የሕዝብ ገንዘብ ያለበት ሥራ አጥኚን መሳቡ አይቀርም። በስፔን ሙንዳካ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2003 የወንዙ አፍ ተቆፍሮ አሸዋው ሲነሣ ስመ ጥሩው ሞገድ ተበላሸ፤ በ2005 ሊካሄድ የነበረው ዓለም አቀፍ ውድድርም ተሰረዘ። ሞገዱ ለከተማው በዓመት እስከ 4.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስገኝ የገመተው ጥናት የወጣው በ2008፣ ጉዳቱ ከደረሰ ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የሚያሳዝን ቢሆንም ለአጥኚ ትልቅ ትምህርት አለው፤ የሀብቱን ዋጋ አስቀድሞ የለካ አካል ባለመኖሩ፣ ቁፋሮው ሲወሰን ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ቁጥር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሰርፊንግ ምርምር ማዕከል ተቋቋመ፤ በ2021 ደግሞ ሰርፊንግ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካተተ። እነዚህን ክስተቶች በሠንጠረዡ ዳር በቀይ ቀለም ይጻፏቸው፤ የጽሑፎቹ ቁጥር ከክስተቱ በኋላ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሚነሣ በዓይንዎ ያያሉ።

ሌላው ጥንቃቄ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ የሚጓዝን ቁጥር ይመለከታል። በክሊ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ላይ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰርፈሮች እንዳሉ ጽፏል፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን እስከ 35 ሚሊዮን የሚያደርሱ ጽሑፎች አሉ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያገኙ ጠቃሹን ትተው ተጠቃሹን፣ ከዚያም የተጠቃሹን ምንጭ እየተከተሉ መጀመሪያ ወደ ቆጠረው ሰው ይድረሱ። ምን እንደ ሆነ የቆጠረው፣ በየስንት ጊዜው ሞገድ ላይ የሚወጣን ሰው «ሰርፈር» እንዳለው ካልታወቀ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር አይቻልም። ወደ ሰሜን ሸዋ የመጡ ጎብኚዎችን ቁጥር ከጽሕፈት ቤት ሲወስዱም ይኸው ጥያቄ መነሣት አለበት፤ ለክብረ በዓል ወደ ገዳም የመጣ ምእመን፣ ለስብሰባ ሆቴል ያደረ ሠራተኛና ጭላዳ ለማየት የመጣ የውጭ አገር ሰው በአንድ ድምር ውስጥ ገብተው ሊሆን ይችላል።

የጥያቄዎቹ ጉዞ

የአንድ መስክ እውነተኛ እድገት በጥያቄዎቹ ለውጥ ይታወቃል፤ በዚህ ረገድ ሰርፊንግ ቱሪዝም በጣም የሚያስተምር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳራ ዶልኒቻርና ማርቲን ፍሉከር ተጓዦቹን ቀድሞ በመረጧቸው መዳረሻዎች እየለዩ በገበያ ክፍሎች መደቧቸው። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ግን ተጠያቂው እንግዳው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጄስ ፖንቲንግ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በኢንዶኔዥያ ሜንታዋይ ደሴቶች ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከዚያም በ2008 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ጥያቄውን ገለበጠው። ኢንዱስትሪው በመጽሔትና በማስታወቂያ የሸጠው ሕልም ፍጹም ሞገድ፣ ሰው ያልበዛበት ውኃ፣ ድካም የሌለበት ጀብዱና ልምላሜ የሞላበት ደሴት ነበር፤ በዚህ ሥዕል ውስጥ የደሴቱ ሰው ቦታ የለውም። በሥዕሉ ውስጥ የሌለ ሰው በገቢው ክፍፍልም ሆነ በውሳኔው ጠረጴዛ ላይ ሳይታሰብ ይቀራል።

እስቲ ስለ ጓሳ የተዘጋጁ በራሪ ወረቀቶችንና ፎቶግራፎችን ከፊትዎ ዘርግተው በዚህ ዓይን ይመልከቷቸው። ጭላዳው አለ፤ ቀይ ቀበሮው አለ፤ ጭጋጉና ገደሉ አለ። ሣሩን አጭዶ በሸክም ወደ ቤቱ የሚወስደው፣ ቤቱን በጓሳው ሣር የሚከድነው፣ ግጦሹን በወንዝና በአጥቢያ ተማክሮ የሚጠብቀው የመንዝ ገበሬ በስንቱ ፎቶ ውስጥ አለ? ቆጥረው ይመዝግቡ። ይህ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ነው፤ የሚያስፈልገውም የተሰበሰቡ ፎቶግራፎችና ትዕግሥት ብቻ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ቶማስ ማክግሬገርና ሳሙኤል ዊልስ ሰውን ሳይጠይቁ ሞገድ የሚያመጣውን የኢኮኖሚ ለውጥ ለክተዋል። ከ5,000 በላይ በሚሆኑ የሰርፊንግ ስፍራዎች አካባቢ ከሳተላይት የሚታየውን የምሽት መብራት ከዓመት ዓመት አወዳድረው፣ ጥሩ ሞገድ ባለበት አካባቢ እንቅስቃሴው ከሌላው ፈጥኖ እንደሚያድግ አሳዩ። ዘዴው ድንቅ ነው፤ መብራት ያልገባበትን ቀበሌ ለውጥ ግን ሊያይ አይችልም። ለመሐል ሜዳና ለአጣዬ ከተማ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ በጓሳ ዙሪያ ላሉት የገጠር መንደሮች ግን እግር ለእግር ሄዶ ከመጠየቅ በቀር መንገድ የለም።

ወደ ሰሜን ሸዋ

አሁን ያንኑ ሠንጠረዥ ባዶ አድርገው ስለ አካባቢዎ መሙላት ይጀምሩ። ስለ ጓሳ ሲፈልጉ መነሻ የሚሆኑ ጠንካራ ሥራዎች አሉ። ዘላለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ ኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በጓሳ የጋራ ሀብት አጠባበቅ ላይ ነው፤ በ2005 ከናይጄል ሊደር ዊሊያምስ ጋር ያወጣው ጽሑፍም የቄሮን ሥርዓት፣ ማለትም ማኅበረሰቡ የጓሳውን ሣርና ግጦሽ በጋራ የሚጠብቅበትን ነባር ደንብ፣ ለዓለም አቀፍ አንባቢ አስተዋውቋል። ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንዊን የሚመሩት የጓሳ ጭላዳ ምርምርም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ ነው። እነዚህን ሲመዘግቡ «ዋናው ጥያቄ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ስለ አራዊቱና ስለ ጥበቃው የሚጠይቁት ስንት፣ ስለ እንግዳውና ስለ አስተናጋጁ ቤተሰብ ኑሮ የሚጠይቁት ስንት እንደ ሆኑ ይለዩ። የጥናት ክፍተት በዚህ መንገድ በማስረጃ ይገለጻል፤ «በዚህ ርእስ ላይ ምንም አልተጠናም» ብሎ መጻፍ ግን ፈታኙን ከማስቆጣት በቀር ጥቅም የለውም።

ፍለጋው ላይ ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቁ። ሸዋ፣ መንዝና አንኮበር በላቲን ፊደል የሚጻፉበት መንገድ እንደየጸሐፊው ይለያያልና በአንዱ ብቻ ፈልገው አይመለሱ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም አለ፤ የመጀመሪያው መቀመጫ ደብረ ብርሃን፣ የሁለተኛው ፍቼ ነው። የሁለቱን መረጃ የቀላቀለ ሠንጠረዥ ከንቱ ይሆናል። ዘመን አቆጣጠሩንም ይለዩ፤ በአማርኛ የተጻፈ ሪፖርት 2001 ዓ.ም. ካለ እ.ኤ.አ. 2008 ወይም 2009 ማለት ስለ ሆነ፣ ሳይቀየር ከገባ የእድገቱን መስመር በሰባትና በስምንት ዓመት ያዛባዋል። የመመረቂያ ጽሑፎችን በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ክምችት፣ ሪፖርቶችን ደግሞ በዞንና በወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ይጠይቁ።

ንባቡ ሲያበቃ ወደ ሜዳ መውረድ ይመጣል። ከሰርፊንግ ጥናት የተማርነውን ይዘን የምንሄድ ከሆነ መጠይቁ ለእንግዳው ብቻ ሊዘጋጅ አይገባም። አስጎብኚውን፣ በቅሎ አከራዩን፣ የማኅበረሰቡን ሎጅ የሚያስተዳድሩትን፣ እንዲሁም ከቱሪዝሙ ምንም ያላገኘውን ገበሬ ይጠይቁ፤ የመጨረሻው ሰው መልስ ከሁሉ ይበልጣል። በመንዝ ገበሬው እርሻ በማይገባበት የበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ለመነጋገር ፋታ አለው፤ በአዝመራ ወቅት ግን ጊዜውን መሻማት ነውር ነው። አባወራውን ብቻ አነጋግሮ መመለስም አይበቃም። እንዝርት ይዛ የበግ ጠጉር የምትፈትለው እመቤት ዝተቱና በርኖሱ በስንት እንደሚሸጥ፣ እንግዳ በመጣበት ወር ገበያው እንደ ተለወጠ ወይም እንዳልተለወጠ ከባሏ በተሻለ ታውቃለች። ቤት ገብተው ቡና ከቀረበ መጠይቁን ከቦርሳ ለማውጣት አይቸኩሉ፤ ከአቦል በፊት የተነሣ ጥያቄ ከአንገት በላይ መልስ ያገኛል።

ሁለቱን ዓለማት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ንጽጽር ለመሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ፊጂ ጥሩ መነሻ ናት። በዚያ በታቫሩዋ ደሴት አቅራቢያ ያለው ስመ ጥር ሞገድ ለረጅም ዓመታት በአንድ ሪዞርት እንግዶች ብቻ ይያዝ ነበር፤ የመዝናኛው ባለቤቶች ይህን መብት ያገኙት ከባሕሩ ነባር ባለይዞታዎች ጋር ተስማምተው ነው። የፊጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ድንጋጌ ሞገዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። በጓሳ ደግሞ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ቆየ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት፣ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ እየወሰኑ፣ አንዳንዴም ለተከታታይ ዓመታት እየዘጉ የሚጠብቁበት ነበር፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው፣ በኋላም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ አቋቋመው። በሁለቱም አገር ነባሩን የይዞታ መብት አዲስ ሕግ ሽሮታል። ከዚያ በኋላ ሞገዱና ሣሩ ምን ሆኑ? ማን ተጠቀመ? ማንስ ተጎዳ? በእኔ እምነት ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ሊደርስ የሚችል ጥናት ከእንዲህ ያለ ጥያቄ ይወጣል።

ምዕራፉን ሲጽፉ በደራሲ ስም ተራ አይሂዱ፤ በጥያቄ ተራ ይሂዱ። መጀመሪያ እንግዳው ማን እንደ ሆነ የጠየቁትን፣ ቀጥሎ ቦታው ምን ያህል እንደሚሸከም የጠየቁትን፣ ከዚያም የአስተናጋጁን ድርሻ የጠየቁትን ያሰልፉ፤ ሠንጠረዡ እንዳለ በአባሪ ይግባ። ጽሑፉ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ የግኝቱን ፍሬ ነገር በአማርኛ ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አዘጋጅተው፣ አንዱን ቅጂ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለጓሳው ጥበቃ ኮሚቴ፣ አንዱን መረጃ ለሰጠዎት ቀበሌ ያስረክቡ፤ የተረከበውን ሰው ስምና ቀኑንም በሥራ ማስታወሻዎ ይመዝግቡ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሪፖርቱን የት እንደሚያገኘው የሚያውቀው በዚያ ነው።